በሦስት ቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ድምፅ፤ የስፔን ሕዝብና የኔቶ ቃል ኪዳን

አንድ አገር ከጦር ቃል ኪዳን ጋር ይተሳሰር ወይስ አይተሳሰር የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አዳራሾችና በጄኔራሎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተጀምሮ እዚያው ይደመደማል። ሠርቶ አደሩ ውሳኔውን የሚሰማው ከተፈረመ በኋላ በራዲዮ ነው። ልጁን ለውትድርና፣ ላቡን ለመከላከያ በጀት የሚሰጠው ግን እርሱ ነው። ከዚህ ልማድ የወጡ አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ከእነርሱ መካከል ስፔን የተለየ ሥፍራ ትይዛለች። ማርች 12 ቀን 1986 የስፔን ሕዝብ በሰሜን አትላንቲክ የጦር ቃል ኪዳን ድርጅት፣ ማለትም በኔቶ፣ ውስጥ መቆየት ይገባው እንደሆነ በቀጥታ ተጠይቆ በድምፁ መልስ ሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በሠፈር ማኅበርም ሆነ በሠራተኛ ማኅበር ጉባኤ ተቀምጦ እጁን አውጥቶ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ይረዳል። ድምፅ የሚሰጥባት ደቂቃ አጭር ናት። ከእርሷ የሚከብዱት ከፊቷና ከኋላዋ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከፊቷ ጥያቄውን ማን እንዴት አድርጎ እንደ ቀረጸው፣ ከኋላዋ ደግሞ በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈሩትን ቅድመ ሁኔታዎች ማን እንደሚከታተል። የስፔን ታሪክ እነዚህን ሁለቱን በአንድ አገር ልክ አጕልቶ የሚያሳይ በመሆኑ ከአርባ ዓመታት በኋላም መመርመር ይገባዋል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1953 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ስፔን በአምባገነኑ በጄኔራል ፍራንኮ መዳፍ ሥር ነበረች። ኔቶ በ1949 ሲመሠረት የሂትለርና የሙሶሊኒ ባለውለታ የነበረውን ፍራንኮን በአባልነት ለመቀበል የምዕራብ አውሮፓ መንግሥታት አልደፈሩም። (የጎረቤቱን የፖርቱጋልን አምባገነን የሳላዛርን መንግሥት ግን በመሥራች አባልነት ማስገባታቸው አይዘነጋም። እንግዲህ የነፃነት ማኅበር የሚለው ስም ምን ያህል የሚለጠጥ እንደ ነበረ አንባቢ ይፍረድ።) ይሁን እንጂ በፊት ለፊቱ በር ያልገባው ፍራንኮ በጓሮ በኩል መንገድ ተገኘለት። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1953 ከአሜሪካ ጋር በተፈራረመው ውል ገንዘብና የጦር መሣሪያ ሲያገኝ፣ አሜሪካ በበኩሏ በቶሬሆን፣ በሞሮንና በሳራጎሳ የአየር ኃይል ሰፈሮችን፣ በሮታ ደግሞ የባሕር ኃይል ሰፈር አገኘች። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት በአሥመራ የቃኘውን የመገናኛ ጣቢያ ለአሜሪካ የሚሰጠውን ውል መፈረሙን ለሚያስታውስ አንባቢ የንግዱ ዓይነት እንግዳ አይሆንበትም። በሁለቱም አገር ውሉን የፈረመው መንግሥት እንጂ የተጠየቀ ሕዝብ አልነበረም። ቃኘው በ1977 ተዘጋ፤ የስፔኖቹ ሰፈሮች ግን ከፍራንኮ ዕድሜ በላይ ቆዩ።

የጦር ሰፈር ምን እንደሚያስከትል የስፔን ገበሬ የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። ጃንዋሪ 17 ቀን 1966 ጧት በደቡብ ምሥራቅ ስፔን፣ በአልሜሪያ ክፍለ ሀገር፣ ፓሎማሬስ በምትባል አነስተኛ የገበሬዎች መንደር ሰማይ ላይ ቢ-52 የተባለ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በአየር ላይ ነዳጅ ከሚቀዳለት ሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። 7 የአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረቦች ሞቱ። ቦምብ ጣዩ ጭኗቸው ከነበሩት 4 የሃይድሮጂን ቦምቦች ሦስቱ በመሬት ላይ፣ አንዱ በባሕር ውስጥ ወደቁ። የኑክሊየር ፍንዳታ ባይደርስም በሁለቱ ቦምቦች ውስጥ የነበረው ተራ ፈንጂ ፈንድቶ ፕሉቶኒየም የተባለውን ጨረር አመንጪ መርዝ በቲማቲም ማሳው ላይ በተነው። መንደርተኛው እርሻውን ተከለከለ። የአሜሪካ ወታደሮች ከ1,400 ቶን የማያንስ አፈርና አትክልት ቆፍረው፣ በበርሜል አሽገው፣ በመርከብ ወደ አገራቸው ወሰዱ። ባሕር የገባው ቦምብ የተገኘውም በአደጋው ዕለት ሲወድቅ ያየው አንድ ዓሣ አጥማጅ ሥፍራውን ካመለከተ በኋላ ነው፤ ከባሕር የወጣው 80 ቀን ያህል ቆይቶ በኤፕሪል ወር ነበር።

በዚህ መካከል የፍራንኮ መንግሥት የጭንቀቱ ምንጭ የገበሬው ጤና ሳይሆን የአገር ጐብኚው ገንዘብ ነበረ። የመረጃና የቱሪዝም ሚኒስትሩ ማኑኤል ፍራጋ በማርች ወር ከአሜሪካው አምባሳደር ጋር ወደ ሥፍራው ሄደው ጋዜጠኞች እያዩአቸው፣ ፎቶግራፍ እየተነሡ በባሕሩ ዋኙ። ውኃው ንጹሕ ነው ለማለት ነው። ባሕሩ ውስጥ መግባት ያን ያህል አያስቸግርም ነበር፤ መርዙ የነበረው በማሳው ውስጥ ነው። የፓሎማሬስን ቀሪ አፈር ለማጽዳት ስፔንና አሜሪካ የፍላጎት መግለጫ ስምምነት የተፈራረሙት በ2015፣ ማለትም ከአደጋው 49 ዓመታት በኋላ መሆኑን መጥቀስ ብቻ ይበቃል። ማኑኤል ፍራጋን አንባቢ በስማቸው እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በዚሁ ጉዳይ ላይ ሌላ ዓይነት ዋና ሲዋኙ እናገኛቸዋለን።

ፍራንኮ በኖቬምበር 1975 ሞተ። አገሪቱ ወደ ሕገ መንግሥታዊ አስተዳደር ስትሻገር የጦር ሰፈሮቹ ጉዳይ ለጊዜው ወደ ጎን ተገፋ። ወደ መድረክ የመለሰው በፌብሩዋሪ 1981 ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የታጩት ወግ አጥባቂው ሊዮፖልዶ ካልቮ ሶቴሎ ናቸው። አገራቸውን ወደ ኔቶ ለማስገባት እንደሚሠሩ ገና ሲታጩ ለፓርላማው ገለጹ። የሹመታቸው ድምፅ በሚሰጥበት ዕለት፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን፣ ሌተና ኮሎኔል ቴሄሮ የታጠቁ ዘቦችን አስከትሎ ወደ ምክር ቤቱ ገብቶ ጣሪያውን በጥይት መታ፤ እንደራሴዎቹንም ሌሊቱን ሙሉ አግቶ አሳደረ። ሙከራው ከሸፈ። ይህ ሌሊት ግን በኔቶው ክርክር ላይ ጥላውን ጥሎ አለፈ። ቃል ኪዳኑን የሚደግፉት ወገኖች ከዚያ በኋላ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አገኙ። ዐይኑን ዘወትር በገዛ ፓርላማው ላይ የሚጥለው ጦር ከውጭ ጦሮች ጋር ቢሠለጥንና ሥራ ቢሰጠው ፊቱን ወደ ድንበር ያዞራል አሉ። ይህን ክርክር ተራ ማመካኛ ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ በዚያ ሌሊት በየቤቱ ራዲዮኑን ተጠግቶ ያደረ ሰው ሁሉ ትርጉሙ ይገባው ነበር።

ተቃዋሚዎቹም ባዶ እጃቸውን አልቀረቡም። የኔቶ ውል ስድስተኛ አንቀጽ የጋራ መከላከያውን በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ እንዲሁም ከካንሰር መሥመር በስተሰሜን ባሉ የአትላንቲክ ደሴቶች ይወስነዋል። በመሆኑም በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ የሚገኙት ሴውታና መሊላ የተባሉት የስፔን ከተሞች ከጥበቃው ውጭ ይቀራሉ። ስፔን አደጋ ይመጣብኛል ብላ የምትሠጋበት ሥፍራ ቢኖር ደግሞ በዋናነት ይኸው ነበር። ጂብራልታርን የያዘችው ብሪታንያ በበኩሏ የዚያው ቃል ኪዳን መሥራች አባል ናት። እንግዲያው፣ አሉ ተቃዋሚዎቹ፣ በማይጠብቀን አጥር ውስጥ ገብተን፣ መሬታችንን ከያዘ ጋር ጎን ለጎን ቆመን፣ ጠባችን ካልሆነ ጋር የምንጣላው ለምንድር ነው? የሶቪየት ኅብረት መንግሥት በበኩሉ በሴፕቴምበር 1981 ስፔን ወደ ኔቶ እንዳትገባ የሚያስጠነቅቅ ማስታወሻ ላከ። ይህም ለተቃዋሚዎቹ የጠቀመ አይመስለንም፤ ከውጭ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ የአገር ውስጡን ክርክር የባዕድ ክርክር ያስመስለዋልና።

ኦክቶበር 29 ቀን 1981 የእንደራሴዎች ምክር ቤት በ186 ድጋፍና በ146 ተቃውሞ መንግሥት ወደ ቃል ኪዳኑ እንዲገባ ፈቀደ። ሜይ 30 ቀን 1982 ስፔን የኔቶ 16ኛ አባል ሆነች። የፓርላማው ቍጥር አሸናፊና ተሸናፊ ቢያሳይም የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ግን በአደባባይ ያለው ስሜት በተቃራኒው እንደ ነበረ ይመሰክሩ ነበር። ከ1981 መጀመሪያ አንሥቶ ከማድሪድ ወደ ቶሬሆን የጦር ሰፈር የእግር ሰልፍ ይደረግ ጀመር። በኖቬምበር 1981 በማድሪድ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኘ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ከሴቪያ ከተማ የመጡ፣ ቀድሞ የሠራተኞች ጠበቃ የነበሩ፣ የሶሻሊስት ሠራተኞች ፓርቲ መሪ ፌሊፔ ጎንዛሌዝ ነበሩ።

ሶሻሊስቶቹ ስፔን ኔቶ ያለ ሕዝበ ውሳኔ እንዳትገባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፊርማ ሰብስበው ነበር። የዘመቻቸው መፈክርም በየግድግዳው ተለጥፎ ይታይ ነበር፤ በእኛ ቋንቋ «ኔቶ፣ ለመነሻው አይሆንም» እንደ ማለት ነው። በስፓኝ ቋንቋ «ለመነሻው» የምትለዋ ቃል «መግቢያ» የሚል ፍችም አላት። መፈክሩን ያወጡት ሰዎች በቃላት መጫወታቸው ነበር፤ መግባቱ አይሆንም፣ ከመነሻውም አይሆንም። በኋላ ግን የገዛ ቃላቸው ተመልሶ ያዛቸው። ለመነሻው አይሆንም ያለ ሰው ለመድረሻው ምን ሊል እንዳሰበ አልተናገረም እያለ ሕዝቡ ይቀልድባቸው ጀመር።

ኦክቶበር 28 ቀን 1982 በተደረገው ምርጫ የጎንዛሌዝ ፓርቲ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ድምፅ አግኝቶ ከ350 የምክር ቤት መቀመጫዎች 202ቱን ያዘ። ሕዝበ ውሳኔ እናደርጋለን የሚለው ቃል በምርጫ ፕሮግራማቸው ላይ ሰፍሯል። አዲሱ መንግሥት ሥልጣን እንደ ያዘ ከኔቶ የተዋሐደ የጦር አመራር ጋር የተጀመረውን ድርድር አቆመ። አባልነቱ ግን እንዳለ ቆየ፤ እንዲህም ሆኖ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አለፈ።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የተለወጠው ምንድር ነው? ከውጭ የገባ አንድም የጦር ሠራዊት የለም፤ ጂብራልታርም በቦታዋ ናት። የተለወጠው የወንበሩ ከፍታ ነው ቢባል ስድብ አይሁንብን፤ ከላይ ሲቀመጡ ከታች የማይታይ ነገር ይታያል፣ ከታች የሚታየውም ይሰወራል። ስፔን በዚያን ጊዜ የአውሮፓ የጋራ ገበያ አባል ለመሆን አጥብቃ ትፈልግ ነበር። የጋራ ገበያውና ኔቶ በሕግ የተለያዩ ማኅበሮች ቢሆኑም ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው እየገቡ መደራደር ቀላል አልነበረም፤ በሁለቱም ጠረጴዛ የሚቀመጡት በአብዛኛው አንድ ዓይነት መንግሥታት ናቸው። ጎንዛሌዝ በኦክቶበር 1984 ለፓርላማው ባቀረቡት ባለ አሥር ነጥብ የሰላምና የጸጥታ ፖሊሲ ስፔን ከኔቶ እንዳትወጣ የሚያሳስብ አቋም ያዙ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የፓርቲያቸው ጉባኤ ከብርቱ ክርክር በኋላ ተከተላቸው። ለቃል ኪዳኑ ቀዝቃዛ አመለካከት የነበራቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፈርናንዶ ሞራን የጋራ ገበያውን ድርድር ከግብ አድርሰው ውሉ ጁን 12 ቀን 1985 ከተፈረመ በኋላ በሚቀጥለው ወር ከሥልጣን ተነሡ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1986 ስፔን የጋራ ገበያው አባል ሆነች። ሕዝበ ውሳኔው የተጠራውም ከዚህ በኋላ ነው።

ለጎንዛሌዝ ፍርድ ሲሰጥ ሚዛኑ መስተካከል ይገባዋል። ሐሳባቸውን ለወጡ፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ቃል የእምነት ዕዳ ነውና የገቡትን የሕዝበ ውሳኔ ቃል ማንም ሳያስገድዳቸው፣ የሚሸነፉበት ዕድል ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ ፈጸሙ። ከእርሳቸው በፊት ያሉት አስገቢዎች ሕዝቡን አልጠየቁም። ስለዚህ ነቀፌታው የሚያርፈው በመጠየቃቸው ላይ ሳይሆን በጥያቄው አቀራረጽና ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው።

የድምፅ መስጫው ወረቀት እንዲህ ይጠይቃል፤ ስፔን መንግሥት በወሰነው ቅድመ ሁኔታ መሠረት በአትላንቲክ ቃል ኪዳን ውስጥ መቆየቷ ይበጃል ብለው ያምናሉን? አንባቢ ቃላቱን አንድ በአንድ ይመልከት። በመጀመሪያ ደረጃ አምስት ዓመት ሙሉ በግድግዳ ላይ የተጻፈው፣ በሰልፍ የተጮኸበት «ኔቶ» የሚለው ስም ከጥያቄው ውስጥ የለም፤ «የአትላንቲክ ቃል ኪዳን» በሚለው ለስለስ ያለ ስም ተተክቷል። ቀጥሎም ጥያቄው ስለ መግባት ሳይሆን ስለ መቆየት ነው። ለመግባት እምቢ ማለትና ከገቡ በኋላ እወጣለሁ ማለት በሰው ልብ ውስጥ እኩል አይመዝኑም፤ የተከራየ ቤት ለቅቆ መውጣት ካለመከራየት ይከብዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከጥያቄው ጋር ተያይዘው በወረቀቱ ላይ የታተሙት ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች ናቸው። ስፔን በተዋሐደው የኔቶ የጦር አመራር ውስጥ አትገባም፤ በስፔን መሬት ላይ የኑክሊየር መሣሪያ መትከል፣ ማከማቸትም ሆነ ማስገባት የተከለከለ ይሆናል፤ በስፔን የሚገኘው የአሜሪካ ጦር ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ልቡ ለእምቢታ ያዘነበለ ሠራተኛ እነዚህን ሦስቱን ሲያነብ ግማሽ ፍላጎቱን በ«አዎን» ውስጥ ያገኘዋል።

በወረቀቱ ላይ ያልታተመ አንድ ነገር ነበረ። በስፔን ሕገ መንግሥት 92ኛ አንቀጽ መሠረት እንዲህ ያለው ሕዝበ ውሳኔ የምክር እንጂ የሕግ ኃይል ያለው ውሳኔ አይደለም። ስለዚህ ሕዝቡ ቅድመ ሁኔታዎቹን በድምፁ ቢያጸድቃቸውም በቍልፍ አልቆለፋቸውም ነበር።

በዘመቻው ወቅት የታየው አሰላለፍ ለፖለቲካ ተማሪ ሁሉ የሚገርም ነው። ቃል ኪዳኑን ሲቃወሙ የነበሩት ሶሻሊስቶች ለድጋፍ ተሰለፉ። ቃል ኪዳኑን ከማንም አስቀድሞ ሲደግፍ የኖረው የቀኙ ሕዝባዊ ኅብረት ፓርቲ ደግሞ ለጎንዛሌዝ ድል ላለማበርከት ሲል ደጋፊዎቹ ድምፅ ከመስጠት እንዲታቀቡ ጠየቀ። የዚህ ፓርቲ መሪ ማን ነበሩ? በፓሎማሬስ ባሕር የዋኙት ማኑኤል ፍራጋ ናቸው። ለቦምቡ ባሕር የገቡት ሰው ለድምፅ መስጫው ሣጥን ግን ደረቁ ላይ ቆሙ።

የእምቢታው ጎራ ከሠራተኛው ቤት የወጣ ነበር። የኮሚኒስቱ ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ጌራርዶ ኢግሌሲያስ ከአስቱሪያስ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የመጡ ቈፋሪ ሲሆኑ፣ የመሪነት ዘመናቸው ሲያበቃም ወደዚያው ማዕድን ተመልሰው ወርደዋል። የሠራተኞች ኮሚሲዮኖች የተባለው ማኅበር መሪ ማርሴሊኖ ካማቾ የብረታ ብረት ሠራተኛ ሆነው በፍራንኮ ዘመን ለዓመታት የታሰሩ ሰው ናቸው። ደራሲው አንቶኒዮ ጋላ የተቃዋሚዎቹን የሕዝባዊ መድረክ በሊቀ መንበርነት መሩ። እነዚህ ወገኖች በየሠፈሩ ከተቋቋሙት የሰላም ኮሚቴዎች ጋር ሆነው ያካሄዱት ዘመቻ ገንዘብ ያነሰው፣ የቴሌቪዥኑም በር የጠበበው ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ የሚያሸንፍ ይመስል ነበር።

ነገሩን ያገላበጠው በመጨረሻዎቹ ቀናት ጎንዛሌዝ በቴሌቪዥን ቀርበው ያስተላለፉት መልእክት እንደ ሆነ ብዙዎች ይስማማሉ። እምቢታው ቢያሸንፍ ማን ያስፈጽመዋል ሲሉ ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ከወረቀቱ ላይ ተነሥቶ ሌላ ሥፍራ ተቀመጠ። የ1981ን የመፈንቅለ መንግሥት ሌሊት ያልረሳ ዜጋ፣ ከቃል ኪዳኑና ከመንግሥቱ መረጋጋት አንዱን ምረጥ የተባለ መሰለው። በጉባኤ ላይ ሊቀ መንበሩ «ይህ ሐሳብ ካላለፈ እኔ የለሁበትም» ሲል አዳራሹ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሚውጠው የምናውቅ ሰዎች የስፔናውያኑን ልብ ለመረዳት አንቸገርም።

ከመራጩ 59.4 በመቶ ያህሉ ብቻ ድምፅ ሰጠ። 9,054,509 ሰዎች «አዎን»፣ 6,872,421 ሰዎች «አይደለም» አሉ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ደግሞ ወደ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ባዶ ወረቀት ከተተ። ይህ የባዶ ወረቀት ቍጥር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ለመምረጥ ያልሰነፈ፣ ነገር ግን በቀረበለት ጥያቄ ውስጥ መልሱን ያላገኘ ሰው ድምፅ ነው። በካታሎኒያ፣ በባስክ አገር፣ በናቫራና በካናሪ ደሴቶች እምቢታው አሸነፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በሦስት ቅድመ ሁኔታ የተሰጠው «አዎን» ምን ሆነ?

ከሦስቱ በተሻለ የተፈጸመው ሦስተኛው ነው፤ ይህንም መካድ አይገባም። ከብርቱ ድርድር በኋላ በ1988 በተፈረመው አዲስ ስምምነት አሜሪካ በቶሬሆን የነበሩትን 72 ኤፍ-16 ተዋጊ አውሮፕላኖች ለማንሣት ተስማማች። የክንፉ ማዘዣ በ1992 ወደ ሰሜን ጣሊያን፣ ወደ አቪያኖ ተዛወረ፤ የሳራጎሳም ሰፈር ተለቀቀ። በዓለም ላይ አንድ አነስተኛ አጋር በሕዝቡ ድምፅ ተደግፎ አንድ ሙሉ የአየር ክንፍ ከዋና ከተማው ደጅ ያስነሣበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ሮታና ሞሮን ግን ቀሩ። በ2011 የሳፓቴሮ ሶሻሊስት መንግሥት ለኔቶ የሚሳኤል መከላከያ የሚያገለግሉ 4 የአሜሪካ አውዳሚ መርከቦች መኖሪያቸውን በሮታ እንዲያደርጉ ፈቀደ፤ በ2023 ደግሞ ቍጥሩ ወደ 6 ከፍ እንዲል ስምምነት ተደረገ። ቀስ በቀስ ይቀነሳል የተባለው ቀስ በቀስ ጨመረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ በሕግ ረገድ እንደ ጸና ነው። ነገር ግን የ1988ቱ ስምምነት አንድ ብልሃት አስገባበት። ወደ ስፔን ወደቦች የሚመጡ የጦር መርከቦች የጫኑት መሣሪያ ዓይነት አይጠየቅም። በሩ ላይ መግባት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ሰቅሎ ዘበኛውን አትጠይቅ ማለት እንደሚሆን አንባቢ ይረዳዋል።

አንደኛው ግን ሙሉ በሙሉ ተነሣ። በኖቬምበር 1996 በአስናር በሚመራው የወግ አጥባቂዎች መንግሥት ዘመን፣ በተቃዋሚነት የተቀመጡት ሶሻሊስቶችም ደግፈውት፣ ፓርላማው ስፔን ወደ ኔቶ የጦር አመራር ሙሉ በሙሉ እንድትገባ ፈቀደ፤ ከጃንዋሪ 1999 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። የቀረበው ምክንያት ቀዝቃዛው ጦርነት ስላበቃ በ1986 ሕዝቡ የከለከለው አመራርና አሁን የሚገባበት አመራር አንድ አይደሉም የሚል ነው። ክርክሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም፤ የዋርሶ ቃል ኪዳን ፈርሷል፣ አውሮፓም ተለዋውጣለች። እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሁኔታው ከተለወጠ፣ ቅድመ ሁኔታውን ያጸደቀው ሕዝብ ተመልሶ ያልተጠየቀው ስለምን ነው? በ1986 ለመጠየቅ የተገባው ጉዳይ በ1996 ለመጠየቅ ያልተገባው ስለምን ነው? ሕዝቡ የሰጠው «አዎን»ና የሰጠበት ቅድመ ሁኔታ በአንድ ወረቀት ላይ የታተሙ ሲሆኑ፣ ፊተኛው ተጠብቆ ኋለኛው ተቆርጦ መቅረቱ በየትኛውም የሠፈር ማኅበር ጉባኤ ቢደረግ ኖሮ ከፍ ያለ ጩኸት ያስነሣ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል የአንድ ሰው የኑሮ መሥመር የዘመኑን ጉዞ ያሳያል። ሐቪየር ሶላና የቃል ኪዳኑ ተቃዋሚ ከነበሩት የሶሻሊስት ፓርቲ መሪዎች አንዱ ነበሩ። በሕዝበ ውሳኔው ጊዜ የመንግሥት ቃል አቀባይ ሆነው ለ«አዎን» ተናገሩ። በዲሴምበር 1995 የኔቶ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ከማርች 1999 ጀምሮ ለ78 ቀናት በዩጎዝላቪያ ላይ የተካሄደው የአየር ድብደባ በእርሳቸው የዋና ጸሐፊነት ዘመን የተፈጸመ ነው። የስፔን ተዋጊ አውሮፕላኖችም ከአቪያኖ እየተነሡ በድብደባው ተካፈሉ፤ ያ የቶሬሆን ክንፍ ማዘዣ ከማድሪድ ደጅ ተነሥቶ ከሄደበት ሰፈር ማለት ነው። ቶሬሆን ራሱ ደግሞ ዛሬ የኔቶ የአየር ዘመቻ ማዘዣ ማዕከል የሚገኝበት ነው።

የአገር ውስጡ ልዩነት ግን አልተዘጋም። ከእምቢታው ጎራ በኤፕሪል 1986 የተወለደው የተባበረ ግራ የተባለው ግንባር እስከ ዛሬ በፖለቲካው መድረክ ይገኛል፤ በቅርብ ዓመታትም ከሶሻሊስቶች ጋር በአንድ ጥምር መንግሥት ውስጥ እየተቀመጠ በዚህ ጉዳይ ሲጣላ ታይቷል። በጁን 2025 በሄግ በተደረገው የኔቶ ስብሰባ አባል አገሮች ለመከላከያና ተያያዥ ወጪዎች ከብሔራዊ ምርታቸው 5 በመቶ እንዲመድቡ ሲወሰን፣ ሶሻሊስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፔድሮ ሳንቼስ ለስፔን 2.1 በመቶ ይበቃታል ብለው በመከራከራቸው ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ብርቱ ቁጣ ገጠማቸው። ለሆስፒታልና ለጡረታ ከሚውለው ገንዘብ ላይ ቆርጠን አንሰጥም የሚለው ክርክራቸው በ1986 ለእምቢታው ጎራ ድምፃቸውን የሰጡት አዛውንት ሠራተኞች ጆሮ አዲስ አይደለም። የቀኙ ወገን በበኩሉ አጋሮቻችን ሲያወጡ እኛ ከኋላ ቀርተን አንታመንም ሲል ይቃወማል። ሁለቱም ወገን አገሪቱ ከቃል ኪዳኑ ትውጣ አይልም፤ በ1986 የነበረው የልዩነት ስፋት ወደ በጀት ቍጥር ጠብቧል።

ሰፊውን ጥያቄ ዛሬም የሚያነሡት ወደ ሮታ የሚጓዙት ሰልፈኞች ናቸው። በካዲስ ክፍለ ሀገር የባሕር ጠረፍ ወደሚገኘው ሰፈር በየጊዜው የእግር ጉዞ ይደረጋል፤ የሰፈሩ አጥር ውስጥ ደግሞ ሥራ በጠፋበት በዚያ አካባቢ እንጀራቸውን ከዚያው የሚያገኙ ስፔናውያን ሠራተኞች አሉ። በአጥሩ በሁለቱም በኩል ያለው ሠራተኛ ነው። ከውጭ የቆመው «ኔቶ አይሆንም፣ የጦር ሰፈሮች ይውጡ» ሲል ይጮኻል። «ለመነሻው» የምትለዋ ቃል ከመፈክሩ ወጥታለች።